ለትምህርት ቤት የጠራሁት ዋስ

እኔ ብዙ የተማርሁ ሰው አይደለሁም። ፊደል የቆጠርሁት በልጅነቴ ከደብሩ ግቢ ነው፤ መጻፉን ያደላደልሁት ደግሞ ሚስት አግብቼ፣ ልጅ ወልጄ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመን ነው። ስለዚህ አጻጻፌ ቢንሻፈፍ ይታለፈኝ። የምጽፈው ስለ መጨረሻ ልጄ፣ ስለ እናቷና ስለ ትምህርት ቤቱ የሰዓት ደንብ ነው። ደንቡን ዛሬ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ እወጣዋለሁ። ያን ጊዜ ግን የማውቀው ግማሹን ብቻ ነበር።

ቤታችን ጉና እግር ሥር ነው። ገብስና ድንች እንዘራለን፣ ጥቂት በጎች አሉን። ብርዱ ለለመደው ምንም አይደለም፤ ፀሐይዋን ግን ተራራው ስለሚጋርዳት ከሌላው አገር ዘግይታ ነው የምትደርሰን። ልጄ እኛ ቀበሌ ያለውን ትምህርት ስትጨርስ ደብረ ታቦር ገባች። ከአንዲት የጎረቤት ልጅ ጋር አንድ ክፍል ቤት ተከራይተው፣ ስንቃቸውን ከቤት እየወሰዱ ይማራሉ። ኪራዩን ዓረብ አገር ያለችው ታላቅ እህቷ ትልካለች። የእኛ አገር ልጆች ሁሉ እንዲህ ነው የሚማሩት። ዓርብ ከትምህርት ሲወጡ ወደ ቤት ይመጣሉ፣ ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ይመለሳሉ። መኪና ለማግኘት እስከ አስፋልቱ በእግር መውረድ አለ፤ አስፋልቱ ላይ ደግሞ ሚኒባሱ ካልሞላ አይነሣም።

ልጄ አሥራ አንደኛ ክፍል ልትገባ ስትል፣ በክረምቱ፣ ሚስቴ ታመመች። ሆዷ ነው። ደብረ ታቦር አሳከምናት፤ ባሕር ዳር ውሰዷት ተባልን፣ ባሕር ዳርም ወሰድናት። እዚያ አንድ ሐኪም እኔን ከበር ውጭ ጠርቶ «አባት፣ ቤቷ ብትሆን ይሻላታል» አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ ገብቶኛል። ለእሷ አልነገርኋትም፤ እሷም አልጠየቀችኝም። ጠበልም ሄደናል። መስቀል ካለፈ በኋላ ከአልጋ መውረድ አቃታት።

ሚስቴ ሰው አይንካኝ የምትል ሴት ናት። እኔ ላጥባት ስል «ወግድልኝ፣ ወንድ ምን ያውቃል» ትለኛለች። በሳምንቱ ቀናት የልጄ ክርስትና እናት እየመጣች ታነሣት ነበር። ደስ ብሏት የምትታጠበውና እህል የምትቀምሰው ግን ልጇ ስትመጣ ነው። በተለይ ንጋት ላይ ሕመሙ ይብስባታል። ልጄ ሰኞ ጠዋት እሷን ሳታገላብጥ፣ አጥሚት ሳታጠጣ ከቤት አትወጣም ነበር። አጥሚቱም በጉንጭ በጉንጭ ነው የሚወርደው። አንዱን ጉንጭ ከዋጠች በኋላ ሌላውን እስክትቀበል ድረስ ይቆያል። ሚስቴ ልጅቱን ለማቆየት ብላ ታዘገይ እንደሆነ እኔ አላውቅም። ብቻ ልጄ ስንቋን ተሸክማ ስትወጣ ሌሎቹ ተማሪዎች ከወረዱ ቆይተዋል።

አንድ ቅዳሜ ልጄ ድንች ስትልጥ አጠገቧ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ዓይኗን ከቢላው ሳታነሣ፣

«አባ፣ ወላጅ ይዘሽ ነይ ተብያለሁ» አለችኝ።

«ምን አጥፍተሽ?»

«ሰኞ ሰኞ እያረፈድሁ ነው።»

«ታዲያ ብታረፍጅስ? ትገቢ የለም ወይ?»

ደንቡን የነገረችኝ ያን ዕለት ነው። ሁለት ሰዓት ላይ ደውል ይደወላል፣ ተማሪው ይሰለፋል፣ ሰንደቅ ዓላማ ይሰቀላል፣ በሩ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ የመጣ ደጅ ይቆማል። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሲያልቅ ያስገቡታል፤ ግን ግቢውን ቆሻሻ ያስለቅሙታል፣ ችግኝ ውኃ ያስጠጡታል። ሦስት ጊዜ ያረፈደ አንድ ቀን እንደቀረ ይቆጠርበታል። ቀሪው ሲበዛ ወላጅ ይጠራል። ወላጅ ቀርቦም ልጁ ካልታረመ የዚያ ዓመት ትምህርቱ ይሰረዛል።

«እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?»

«እማ ከሰማች ዓርብ ዓርብ አትምጪ ትለኛለች።»

እውነቷን ነው፣ ትላታለች። ሚስቴ ከትምህርት ቤት ደጅ ቆማ አታውቅም። ይቺን ልጅ ግን ገና ጡት ሳትጥል «ይቺስ ዶማ አትይዝም» እያለች ነው ያሳደገቻት። ልጁ ወንድ ይሁን ሴት፣ መማሩን የሚቃወም ሰው ካለ እንግዳም ቢሆን አትምረውም።

እኔ ነገሩን የተረዳሁት በእኛ አገር ወግ ነው። ዳይሬክተሩ ልጄን ተቀይሟታል ማለት ነው አልሁ። የተቀየመ ሰው በሽማግሌ ይለመናል። ስለዚህ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሁለት ሰው አብረውኝ እንዲሄዱ ለመንሁ። አንዱ አበልጄ ነው፣ የልጄ ክርስትና እናት ባል፤ ሌላው የነፍስ አባታችን መምሬ ናቸው። ሁለቱም እሽ አሉኝ። እንዲህ ላለ ነገር እሽ የማይል የለም።

ሰኞ ከልጄ ጋር አብረን ወረድን። መምሬ ኪዳን ሳላደርስ አልሄድም ስላሉ ስንደርስ በሩ ተዘግቷል። ጥበቃው በቀዳዳው አየንና፣

«ያረፈደ እዚያ ማዶ ይቁም» አለ።

«እኛ ተማሪ ነን እንዴ?» አለው አበልጄ።

«ተማሪም ሁኑ ወላጅ፣ እስኪደወል በር አይከፈትም። የታዘዝሁት ይኼን ነው አባቶቼ። ድንጋዩ ላይ ዐረፍ በሉ።»

ካረፈዱት ተማሪዎች ጋር ተደርድረን ተቀመጥን። አንዲት ልጅ የመምሬን መስቀል ተሳልማ ስታበቃ ሳቋን እየዋጠች «አባቶች፣ ስንተኛ ክፍል ናችሁ?» አለች።

«እኔስ አዲስ ገቢ ነኝ» አላት አበልጄ። በከዘራው ወደ እኔ እያመለከተ፣ «ይኼ ሰውዬ ነው ደጋሚው።»

ሁሉም ሳቁ። መምሬም ሳቁ። ልጄ ብቻ አልሳቀችም፤ ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋ በሩን ታያለች።

ተደውሎ ስንገባ ዳይሬክተሩ ከወንበሩ ተነሣ። ወጣት ነው። ከእብናት ወገን የገበሬ ልጅ መሆኑን ኋላ ነው የሰማሁት። ወንበር ሳበልን።

«ተቀመጡ አባቶቼ።»

«እሽ ካላልኸን አንቀመጥም» አለ አበልጄ።

ሽማግሌ ሲላክ እንዲህ ነው፤ ሰውየው እሽ እስኪል ድረስ ይቆማል። ዳይሬክተሩም ሽማግሌ ቆሞ እሱ መቀመጥ አልሆነለትም። ሁላችንም በዚያች ጠባብ ክፍል ቆመን ቀረን።

«ነገሩ እኮ እንዲህ አይደለም» አለ። «እኔ ልጅቱን አልተቀየምኋትም። ጎበዝ ተማሪ ናት። ደንብ ነው።»

«ደንቡ የማን ነው?»

«የኔ አይደለም። ከበላይ የመጣ ነው።»

«እንግዲያ ባለቤቱን ጥራልን፣ እሱን እንለምነዋለን» አለ አበልጄ።

ዳይሬክተሩ ሳቁ አመለጠውና በእጁ ሸፈነው። «አባቴ፣ ደንብ ለብቻው ባለቤት የለውም። ሁሉም እኩል የሚዳኝበት ነው። አንዱን ዝም ብዬ ከለቀቅሁ ሌላውን በምን እይዘዋለሁ?»

እኔ እስከዚያ ዝም ብዬ ነበር። የቤቴን ነገር ሰው ፊት መዘርዘር አልወድም። ሌላ መላ ስለጠፋ ግን «እናቷ ታማለች» አልሁት። «ሰኞ ሰኞ እሷን አንሥታ ነው የምትመጣው።»

ፊቱ ተለወጠ። «ይኼን ማን ነገረኝ?» ብሎ በተከፈተው በር ልጄን አያት። እሷ ኮሪደሩ ላይ ቆማ አንገቷን ደፍታለች።

«በቃ» አለ። «እስካሁን ያለውን በማስጠንቀቂያ አልፌዋለሁ። እዚህ ላይ ይፈርሙልኝና ትግባ።»

ይኼን ሲል ተቀመጥን። እኔም ፈረምሁ። ለእሱ ነገሩ እዚህ ላይ አልቋል። ለእኔ ግን አላለቀም። በእኛ ዘንድ ሰው ሲምርህ ዝም ብለህ አትወጣም። ጥፋቱ እንዳይደገም ዋስ ትጠራለህ። ያለ ዋስ የተፈታ ነገር እንደተፈታ አይቆጠርም። ፊርማ ምንድን ነው? ወረቀቱ ከእሱ መሳቢያ ይቀራል። ዋስ ግን ጎረቤቴ ነው፣ ጠዋት ማታ ዓይኑን አያለሁ።

ተነሣሁ። «ዋስ እጠራለሁ» አልሁ።

«ኧረ አባ፣ ዋስ አያስፈልግም።»

«ላንተ አያስፈልግህ ይሆናል፤ ለእኔ ያስፈልገኛል። ልጄ ከእንግዲህ ሰኞ ሰኞ ደውሉ ሳይደወል ከዚህ በር ትገኛለች። ለዚህ አበልጄን ዋስ ጠርቻለሁ።»

«ዋስ ነኝ» አለ አበልጄ።

«እግዜር ይስማ» አሉ መምሬ፣ መስቀላቸውን አውጥተው።

ዳይሬክተሩ እጁን ዘርግቶ «ግን የታመመ ወላጅ ካለ…» ብሎ ጀምሮ ነበር። መምሬ ምርቃቱን ጀመሩ። ምርቃት ደግሞ አይቋረጥም። እሱም እጁን ሰብስቦ እንደኛው አሜን አሜን አለ። ምርቃቱ ሳያልቅ ደውል ተደወለ፣ መምህራን ከየፊናቸው ገቡ፣ ይጠይቁት ጀመር። እኛም ወጣን። የጀመረውን አልጨረሰውም፤ እኛም ምን ልትል ነበር አላልነውም።

ልጄ ግድግዳውን ተደግፋ ሁሉንም ሰምታለች።

«አባ፣ ማስጠንቀቂያ ብቻ ነበር እኮ» አለች ቀስ ብላ። «ዋሱን ለምን ጠሩት?»

«እንዳትሰረዢ ነዋ።»

«እማስ?»

«እማን እኔ አነሣታለሁ።»

የመምሬን መስቀል ተሳልማ ወደ ክፍሏ ሄደች።

ቤት ስመለስ ለሚስቴ የሆነውን ሁሉ ነገርኋት። አስቀድማ ሳቀች፤ እያመማትም ሳቀች። «አንተ ሰው፣ ትምህርት ቤቱን ከበሬ ነጋዴ ቆጠርኸው?» አለችኝ። ከዚያ ሳቋን ተወች።

«እኔ ነኛ ያስረፈድኋት» አለች። «ካሁን በኋላ እሑድ ፀሐይ ሳትጠልቅ ትሂድ። ዋስ ከጠራህማ ምን ቀረ።»

«ሰኞ ጠዋት ለብቻሽ ልትሆኚ ነው።»

«አንተ አለህ አይደል? አጥሚት ማፍላት ተማር።»

ተማርሁ። ስንት ዘመን ሞፈር የጨበጠ እጅ ማማሰያ አልታዘዝለት አለ። ይጓጉልብኛል፣ ያርርብኛል። «ይኼ ለጥጃ ነው» ትለኛለች። እንዲያም ሆኖ ጥቂት ትቀምስልኛለች። ከአፏ ሲፈስ ስጠርግላት ዓይኗን ትጨፍናለች። አፍራ ይሁን ደክሟት አልጠየቅኋትም።

ልጄ እሑድ እሑድ መሄድ ጀመረች። ከቅዳሴ መልስ እናቷን ታጥባታለች፣ ጸጉሯን ታበጥርላታለች፣ ከዚያ የሳምንቱን ስንቋን ትቋጥራለች። ሰዓቱ እንዳያልፍ የምትጠብቀው ራሷ ሚስቴ ነበረች። ሰዓት የላትም፤ በበሩ የሚገባውን ብርሃን ነው የምታየው። «ጥላው መደቡን ነክቷል፣ ተነሽ» ትላታለች። ልጅቱ «ትንሽ ልቆይ» ካለች «አበልጃችንን አንገት ልታስደፊው ነው?» ትላታለች። ልጅቱም ትነሣለች። እኔ እስከ ቀበሌው መውጫ እሸኛትና ስመለስ፣ ሚስቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አገኛታለሁ።

ያን ጊዜ መንገዱ ሰላም ነበር፤ እሑድ ከሰዓት መኪና አይጠፋም። ልጄ ሰኞ አንድም ቀን አላረፈደችም። አበልጄ ባገኘኝ ቁጥር እየሳቀ «ዋስነቴ እንዴት ነው፣ ጤና ነው?» ይለኛል። እኔም ኮርቼ «ጤና ነው» እለዋለሁ። ኩራቴንም አልደብቅም። ቃሌ እንደተባለው እየሆነ ነበር።

ጥር ገባ፣ የሠርግ ወር። አንድ ቅዳሜ ሚስቴ ነገር መናገር ተወች። እጇ በረደ፤ እግሯን ባሞቀውም አይሞቅም። እሑድም እንደዚያው ዋለች። ከሰዓት በኋላ የልጄ ክርስትና እናት ወደ ጓሮ ጠራችኝ።

«ዛሬ ልጅቱ ባትሄድ ምናለ?» አለችኝ።

ልጄም ተከትላን ወጣች። ስንቋን አልቋጠረችም። «አባ፣ ዛሬ እዚህ ልደር። ነገ ባረፍድም ላርፍድ» አለች።

ዋስ የጠራ ሰው ቃሉን ማጠፍ ሲፈልግ ዋሱን ፊት ለፊት አግኝቶ ይለምናል። እሱም «ወርጃለሁ» ይላል። ከዚያ በኋላ ሰውየው ነፃ ነው። ሳይነግሩት ማጠፍ ግን ዋሱን በአደባባይ ማዋረድ ነው።

«አበልጄ የት ነው?» አልኋት ሚስቱን።

«አንበሳሜ የእህቱ ልጅ ሠርግ ነው። ነገ ነው የሚገባው።»

«እስቲ ደውይለት።»

ደወለች። ይጠራል፣ አያነሣም። ደግማ ደወለች። ሠርግ ቤት ከበሮ መሐል ስልክ ማን ይሰማል?

«እኔ ሚስቱ አይደለሁ?» አለችኝ። «በእሱ ፈንታ እኔ ወርጃለሁ። ልጅቱ ትደር።»

«አንቺን ዋስ አልጠራሁም» አልኋት።

«አንተ ድንጋይ ነህ» አለችኝ። በአበልጅነታችን ዘመን ሁሉ እንዲህ ተናግራኝ አታውቅም።

ወደ ቤት ስገባ ሚስቴ ዓይኗን ገልጣለች። ከቅዳሜ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። «ጥላው የት ደርሷል?» አለች፤ ድምፅ አይባልም፣ ትንፋሽ ነው።

«ገና ነው እማ» አለቻት ልጄ።

ሚስቴ ወደ እኔ ዞረች። እኔን ነው የምታምነው። «መደቡን አልፏል» አልሁ።

«ሂጂ» አለቻት።

ልጄ ተንበርክካ ጉልበቷን ሳመች። ከዚያ ተነሥታ ድንቹንና ቆሎውን በጆንያ ከተተች። እስከ አስፋልቱ ድረስ አብሬ ወረድሁ። ከፊት ከፊቴ ትሄዳለች። ጆንያውን ልቀበልሽ ብላት አልሰጠችኝም። መኪናው ሞልቶ ሊነሣ ሲል በመስኮቱ «ነገ ከሰዓት ይደውሉልኝ አባ» አለች። እሽ አልኋት።

ሰኞ ጠዋት ውርጩ ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ ነበር። አጥሚቱን አፍልቼ ወሰድሁላት፤ በከንፈሯም አልነካችው። ጥቂት ቃል ተናገረች። የተናገረችውን ያን ጊዜ ለማንም አልነገርሁም። ፀሐይዋ ተራራውን አልፋ ደጃችን ስትደርስ ዐረፈች። በዚያች ሰዓት ልጄ ደብረ ታቦር ሰንደቅ ዓላማው ሥር ተሰልፋ ነበር።

አበልጄን የሚስቱ ስልክ ያገኘው ከሠርጉ ተነሥቶ መንገድ ላይ ነው። ከአንበሳሜ ሲመጣ ደብረ ታቦር መንገዱ ነውና በዚያው ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደ። የሠርግ ጋቢውን እንደለበሰ። ጥበቃው አወቀው። አበልጄ የልጄን ስም ሲጠራለት «እሷማ ዛሬ በሩ ሳይከፈት ነው የደረሰችው» አለው። መርዶ እዚያ አይነገርም። «እናትሽ ጠንቶባታል፣ እንሂድ» ብቻ አላት። በመንገዱ ሁሉ አንድ ጥያቄ አልጠየቀችውም አለኝ። ሲነግረኝ ራሱም አላስቻለው።

ዳገቱን ሲወጡ ከደጃችን የተሰበሰበውን ሰው ከሩቅ አየች። ሴቶቹ እየጮኹ ተቀበሏት። እሷ ግን አልጮኸችም። ክርስትና እናቷን እጇን ይዛ፣

«መቼ ነው?» አለቻት።

«ፀሐይ ስትወጣ ነው የኔ ልጅ።»

«ተሰልፈን ነበር» አለች።

ከዚያ ገብታ የእናቷን ፊት ገልጣ አየች። ሸፈነቻት። አንድ ጠብታ እንባ አልወጣትም። ቀብር ላይም እንደዚያው ነበረች። ደረቅ ልጅ ናት ያሏት አሉ፤ ሰምቻለሁ።

በሰልስቱ ዳይሬክተሩ መምህራንና የክፍሏን ልጆች ይዞ መጣ። ያን ሁሉ ዳገት በእግራቸው ወጥተውታል። አጠገቤ መደቡ ላይ ተቀመጠ። እግዜር ያጥናዎት አለኝ።

«አባ» አለኝ ቀጥሎ፣ «ሳልናገረው ብሄድ ይከብደኛል፣ ብናገረውም ይከብደኛል። ደንቡ እኮ ለዚህ ቦታ አለው። ወላጁ የታመመበት ተማሪ አስቀድሞ ካሳወቀ ፈቃድ ይሰጠዋል። ሰኞን ብትቀር፣ ሳምንቱንም ብትቀር ቀሪ አይባልባትም ነበር። ያን ዕለት ልነግርዎ ስል ምርቃቱ ተጀመረ። ኋላ ሰኞ ሰኞ ቀድማ ስትገባ ሳያት እናቷ ተሽሏት ነው ብዬ ተውሁት።»

«ዋስ ጠርቼ ነበር» አልሁት።

«እኔ እኮ ዋስ አልጠየቅሁም አባ።»

«አልጠየቅህም» አልሁ።

ልጄ ለእንግዶቹ ንፍሮ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሁሉንም ሰምታለች። ገብታ ለዳይሬክተሩ ዘገነችለት፣ ለእኔም ዘገነችልኝ፣ ወጣች።

ሰዎች ሊያጽናኑኝ «ደንብ ብሎ ነገር፣ እናት ከልጅ የሚለይ» ይሉኛል። አልቀበላቸውም። የትምህርት ቤቱ ደንብ ክፉ አልነበረም፤ ሄዶ ለሚጠይቅ ሰው መላ አለው። እኔ ነኝ ያልጠየቅሁ። የዋስ ወጋችንንም አልረግመውም፤ ስንቱን ደም አድርቋል። ዛሬም ሽማግሌ ይዤ ከዚያ ክፍል ብገባ ያለ ዋስ መውጣት የምችል አይመስለኝም። ልጅ ለሚያስተምር ወላጅ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቤትህ በሽተኛ ካለ አስቀድመህ ላክ፣ በስልክም ይሁን በጎረቤት። ደንቡ ሲነበብም እስከ መጨረሻው ስማ።

ከሰልስቱ ማግሥት አበልጄ መምሬን ይዞ መጣና ደጅ ቆመ።

«ግባ» አልሁት።

«አልገባም። አስቀድመህ አውርደኝ።»

«ወርደሃል» አልሁት።

«ወርጃለሁ» አለ። ከዚያ እዚያው ደጁ ላይ ቁጭ ብሎ ጋቢውን በፊቱ ጣለ። መምሬ ትከሻውን ይዘው ነው ያስገቡት።

ልጄን ጠራኋት። «አበልጃችን ወርዷል» አልኋት። «ከእንግዲህ ብታረፍጅም በማንም አንገት አይደለም። ዳይሬክተሩም ፈቃድ ሰጥቷል፣ እስከ አርባው እዚሁ ሁኚ።»

«ለምን አረፍዳለሁ አባ?» አለችኝ። «ከእንግዲህ ማን ያስረፍደኛል?»

እሑድ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ ዓርብ ዓርብ መምጣቷን ተወች። ጥናት አለብኝ ትላለች፤ እውነትም ይሆናል። እኔ በገበያ ቀን ስንቋን ይዤላት እወርዳለሁ። ጉልበቴን ትስማለች፣ ላሟ ወለደች ወይ ትለኛለች፣ ልብሴን ተቀብላ ታጥብልኛለች። አላኮረፈችኝም። ብታኮርፈኝ ሽማግሌ እልክባት ነበር።

ትምህርት ሲዘጋ ለክረምቱ መጣች። የክፍሏ አንደኛ ሆና ነው ያለፈችው። ቤቱን ለቀለቀችው፣ የእናቷን ልብሶች አጥባ ለደሀ ሰጠች። አንድ ቀን ድንቹን አብረን ስንኮተኩት፣ ጎን ለጎን ሁለት ትልም ይዘን፣ ቀና ሳትል፣

«አባ» አለችኝ፣ «ያን ጠዋት እማ ጠራችኝ?»

አልጠራችሽም ማለት ቀላል ነበር። መዋሸት አልችልበትም።

«ጠርታሻለች» አልኋት። «ትምህርት ቤት ናት አልኋት። ‹በሰዓቷ ደርሳለች?› አለችኝ። ደርሳለች አልኋት። ሌላ አልተናገረችም።»

ዶማዋን አስቀመጠች። ከማሳው ዳር ሄዳ ተቀመጠችና ነጠላዋን በፊቷ ጣለች። በቀብሩ ዕለት ያላለቀሰችውን እዚያ አለቀሰች፤ ድምፅዋ ማዶ ያሉት እረኞች ዘንድ ይሰማል። እኔ ትልሜን ይዤ መኮትኮቴን ቀጠልሁ። ትልሙ አለቀ። ዝናቡ ከጉና ወርዶ ደረሰብን።

«ተነሽ ልጄ፣ ዝናብ ነው» አልኋት።

አልተነሣችም። ዶማዬን ጥዬ አጠገቧ ተቀመጥሁ። ዝናቡ ሁለታችንንም አበሰበሰን።